ምንጅላቴን በላስታ ስፈልግ

አንባቢዎቼ ሆይ፣ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ፤ ለመመለስ ብዕርም ወረቀትም አያሻውም። የአባታችሁ አባት ስም ማን ነው? የእርሳቸውስ አባት? ከመካከላችሁ ብዙዎች እስከዚህ ድረስ ሳይደናቀፉ ይሄዳሉ። ከገጠር የመጣ፣ ይልቁንም በሽማግሌ እጅ ያደገ ሰው እስከ ሰባት ትውልድ ሊቆጥር ይችላል። አሁን ደግሞ መንገዱን ለውጠን በእናት በኩል እንሂድ። የእናታችሁን እናት ታውቃላችሁ። የእርሷን እናት ምናልባት ስም ሰምታችኋል። የእርሷስ እናት? እዚህ ላይ ግን ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል።

ይህ የሆነው የአገራችን ሰው እናቱን ስለማይወድ አይደለም። ምክንያቱ የስማችን አሠራር ነው። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም፤ የእገሌ ልጅ እንደ ተባለች ትኖራለች፣ እንደ ተባለችም ትቀበራለች። ይህ በብዙ አገር የሌለ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ልጆቿ ከስማቸው ቀጥሎ የሚሸከሙት የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም እንጂ የእርሷን አይደለም። ስለዚህ እርሷ ስሟን ባትጥልም ስሟን የሚሸከምላት ሰው አይገኝም፤ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ካለፈ በኋላ የወለደቻቸው ሁሉ ስምዋን ሳያነሡ ያልፋሉ።

በሌላው ዓለም ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ ይጠፋል። አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን አንዲት ሴት ባገባች ዕለት የቤተሰቧን ስም ትታ የባሏን ትይዝ ነበር፤ በሕግም ዘንድ ንብረቷ ከባሏ ንብረት ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የዛሬ አሜሪካውያን ያን ዘመን አያቶቻቸውን ሲፈልጉ በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ «የእገሌ ሚስት» የሚል ጽሑፍ ነው። ዕድለኛ የሆነ ሰው ግን የበለጠ ያገኛል። በ1735 እ. ኤ. አ. በማሳቹሴትስ የተወለደች ማርታ ባላርድ የምትባል አዋላጅ ከ1785 እስከ 1812 እ. ኤ. አ. የዕለት ማስታወሻ ስትጽፍ ኖረች። ከ800 በላይ ሕፃናት ማዋለዷን ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ማስታወሻ ነው። የታሪክ ሊቋ ሎሬል ታቸር ኡልሪክ ይህንኑ ደብተር መርምረው በ1990 እ. ኤ. አ. መጽሐፍ አወጡበት፤ በሚከተለውም ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኙበት። የእኛ አያቶች ግን እንዲህ ያለ ደብተር አልተዉልንም። የእነርሱ ደብተር የሰው ልብ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣላችሁ የጨዋታ ያህል አይደለም። ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናት አንዲት ሴት የሁለት ወጣቶችን ጋብቻ ስታስቀር በዐይኔ ስላየሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኅቴ ልጅ፣ ወልድያ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ጎልማሳ፣ አንዲት የብልባላ ልጅ ወደደ። ልጅቱም ወደደችው። እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ ተላከ፤ የሁለቱም ወገን ተቀመጠና ዘር መቁጠር ተጀመረ። እንደምታውቁት በላስታ እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ አይጣልም። የልጁ አባት ወገን ተቆጠረ፤ ንጹሕ ነው። የልጅቱም የአባት ወገን ተቆጠረ፤ እርሱም ንጹሕ ነው። በእናት በኩል ሲመጣ ግን የእኛ ቆጠራ ከቅድመ አያቴ ላይ ደርሶ ቆመ። ከልጅቱ ወገን አንድ ሽማግሌ፣

«የሰውየው እናት ማን ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

ከእኛ ወገን የመለሰ አልነበረም። አጎቴ ብቻ፣ «ከሌላ አገር የመጣች ናት ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ።

ሽማግሌውም፣ «የመጣችበትን ሳናውቅ እንዴት አድርገን እንማማላለን? ሂዱና እወቁ፤ እኛ እንጠብቃለን» ብለው ነገሩን አሳደሩት።

እንግዲህ ከቤተ ዘመዱ ፊደል የቆጠርሁና የዓመት ዕረፍት ያለኝ እኔ ስለሆንሁ፣ ፍለጋው በእኔ ላይ ወደቀ። የምትፈለገው ሴት የእናቴ አያት እናት፣ ለእኔ ምንጅላቴ ናት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የሁለት ቤት ገመና ስለሆነ ምንጅላቴ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ገጠር ከመውረዴ በፊት ሁለት ቀን ላሊበላ ከተማ ተቀምጬ ነበር። እንደ ማንኛውም መንገደኛ በዐለቱ መካከል ስመላለስ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። በላስታ ምድር ከሁሉ በላይ ስሟ የሚነሣው ሴት የንጉሥ ላሊበላ ባለቤት መስቀል ክብራ ናት። ከ800 ዓመት በኋላም አልጠፋችም። ታዲያ እርሷ ያልጠፋችው በምን ምክንያት ነው? የት የት ነው የምትገኘው? እርሷ የተገኘችበትን ቦታ ካወቅሁ፣ የእኔንም ሴት በዚያው ዐይነት ቦታ ብፈልግ አገኛት ይሆናል አልሁ። ያነበብሁትንና ከካህናቱ የሰማሁትን አንድ ላይ ሳስቀምጠው መስቀል ክብራ በአራት ቦታ ትገኛለች።

መጀመሪያ በመሬት ነገር ላይ ትገኛለች። በዛሬይቱ ኤርትራ፣ በሽመዛና፣ ደብረ ሊባኖስ የሚባል ጥንታዊ ገዳም አለ። የገዳሙ የወርቅ ወንጌል ለገዳሙ የተሰጠ መሬት ሁሉ የተመዘገበበት መጽሐፍ ነው፤ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 እ. ኤ. አ. ጽሑፎቹን አሳትሟቸዋል። የንጉሥ ላሊበላ ስጦታ በዚያ ይገኛል፤ የመስቀል ክብራም ስም እዚያው ነው። መሬት በሚሰጥበት ጊዜ ንግሥቲቱ ከጸሐፊው ብዕር አላመለጠችም ማለት ነው።

ሁለተኛ በወንድሟ ነገር ትገኛለች። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ የሚባለው የግብፃውያን መጽሐፍ ስለ እርሷ ያወሳል። ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ሚካኤል በንግሥቲቱ ግፊት ወንድሟን ኂሩንን ኤጲስ ቆጶስ አድርገው ሾሙት። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ግን አቡኑ፣ ኂሩን ሥልጣኔን ወሰደብኝ ብለው እያማረሩ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የግብፅ ጸሐፊ ስለ ላስታ ሴት የጻፈው ሙግት ስለ ተነሣ ነው፤ ሰላም ቢሆን ኖሮ ምናልባት አይጽፍም ነበር።

ሦስተኛ በትውፊትና በገድል ትገኛለች። ላሊበላ በእርሷ ምክር ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ ለቀቀ ይባላል። ዐሥራ ስምንት ወር ካለፈ በኋላ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድኻ ገበሬን አንዲት ላም ለንጉሡ ማዕድ ብለው ቀሙት። መስቀል ክብራ ይህን ስትሰማ ባሏን ወደ ዙፋንህ ተመለስ ብላ አስመለሰችው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 እ. ኤ. አ. ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ፣ ከዚህ ትውፊት በስተጀርባ የሥልጣን ንጥቂያ የተሸፈነ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠርጥረዋል። ይሁን እንጂ ትውፊቱ ነገሩን ለመሸፈን የፈለገው በእርሷ ነው፤ የአገሩ ሰው እርቅንና ምክርን ከሴት አፍ ማውጣት ይቀናዋልና።

አራተኛ በድንጋይ ላይ ትገኛለች። ቤተ አባ ሊባኖስን ያሠራችው ባሏ ካረፈ በኋላ ለመታሰቢያው መስቀል ክብራ ናት፤ መላእክትም በአንድ ሌሊት አገዟት ይላሉ ካህናቱ። ሕንጻው ከአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተለየ ጠባይ አለው፤ አራቱም ግድግዳዎቹ ከዐለቱ ሲለዩ ጣራው ግን ከላይ ካለው ዐለት አልተለየም። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አባ ሊባኖስ ማለት ያ የሽመዛናው ገዳም የተሰየመበት ጻድቅ ነው። እንግዲህ ብራናው በሰሜን፣ ድንጋዩ በላስታ፣ ሁለቱም የአንዲቱን ንግሥት ስም ከአንዱ ጻድቅ ስም ጋር ያነሣሉ። ፈልጎ የሚያጋጥም ሰው የሚደሰተው እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ነው።

መሬት፣ ሙግት፣ የሰው አፍ፣ የመታሰቢያ ድንጋይ፤ እነዚህን አራቱን በጣቴ እየቆጠርሁ ወደ ኩልመስክ ሄድሁ።

በመሬት ጀመርሁ። ወጣት አንባቢዎቼ ርስት ሲባል በታሪክ ትምህርት የሰማችሁት ቃል ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ላብራራ። ርስት ማለት መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው አባት በመወለድ የሚገኝ ድርሻ ነው። ዋናው ነገር ይህ መወለድ በወንድም በሴትም መቆጠሩ ነው። ሰው በአባቱ በኩል ብቻ ሳይሆን በእናቱ፣ በአያቱ፣ በአያቱ እናትም ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ በጎጃም ተቀምጦ ያጠናውን በ1973 እ. ኤ. አ. ሲያሳትም በሰፊው ያስረዳው ይህንኑ ነው። ዶናልድ ክራሚም የጎንደርን ዘመን የመሬት ጽሑፎች ሲመረምር ሴቶች ወርሰው፣ ሸጠው፣ ተሟግተው አግኝቷቸዋል። እንግዲህ የድሮ ሰው የእናቱን እናት ስም የሚያውቀው በፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ስሟ እርሻ ያስገኝ ስለ ነበረ ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ በኩልመስክ የፈለግሁት የርስት ሙግት የሚያውቅ ሰው ነበር። አንድ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ አገኘሁ፤ በግቢያቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጥቼ የማን ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ትክ ብለው አዩኝና፣

«ቅድመ አያትህን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ስንቅ ተሸክሜ ተከትየው ሄጃለሁ» አሉ።

«ወዴት ነበር አባቴ?»

«ብልባላ ነዋ። በእናቱ ርስት ሊሟገት ይመላለስ ነበር።»

«ከማን ጋር ነበር የሚሟገተው?»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከእኅቱ ጋር» አሉኝ። «የአባቱ ልጅ አይደለችም፣ የእናቱ ናት። ኋላ ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው። አንድ መደብ የገብስ መሬት ልስጥህ አለችው። እርሱም ከእናቴ ልጅ ምጽዋት አልቀበልም ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እግር ተቋረጠ።»

አንባቢዎቼ፣ የመስቀል ክብራን ነገር እዚህ ላይ አስታውሱ። ምንጅላቴንም ያገኘኋት በመሬትና በሙግት ነው፤ ያውም በወንድምና በእኅት ሙግት። ልጆቿ ተስማምተው ቢኖሩ ኖሮ ሽማግሌው የሚያስታውሱት ነገር አይኖርም ነበር።

በማግሥቱ ወደ ብልባላ ሄድሁ። ቀጥሎ የምፈልገው የሰው አፍ ነው። በደብሩ ያሉትን ቄስ ብጠይቃቸው፣ «የዓለም ስሟን አትንገረኝ፤ የክርስትና ስሟን ታውቃለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰው በመንደር በአንድ ስም ይጠራል፤ ሲጠመቅ ግን ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ በፍትሐትና በተዝካር ጊዜ በቤተ ክርስቲያን የሚነሣው ያ የክርስትና ስም ነው። ስለዚህ የሴትን ዱካ የሚከተል ሰው ሁለቱንም ስም ይዞ ካልሄደ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይመለሳል።

እናቴ በሕይወት ሳለች ማታ ማታ ስትጸልይ የሙታንን ስም በተርታ ትጠራ ነበር። አባቷን፣ እናቷን፣ ወንድሞቿን ጠርታ ስትጨርስ አንድ እንግዳ ስም ትጨምራለች። ይህ ማን ነው ስላት፣ «የአባቴ ቤት ስም ነው፤ እርሱ ሲጠራው ሰምቼ እጠራለሁ እንጂ ማን እንደ ሆነች አላውቅም» ትለኝ ነበር። ስሙ ወለተ ማርያምን እንደ መሰሉ የተለመዱ ስሞች ቢሆን ኖሮ ምንም አይረባኝም ነበር። ነገር ግን ብዙ የማይሰማ ስም ነው። ይህንኑ ለቄሱ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «በዚህ ስም በየዓመቱ ዝክር የሚዘክሩ አንዲት መነኩሲት አሉ» ብለው ቤታቸውን አሳዩኝ።

እማሆይ ዕድሜያቸው ገፍቶ ዐይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸውና ልባቸው ግን ሙሉ ነው። የመጣሁበትን በዝግታ ነገርኋቸው። ስሙን ስጠራ እጃቸውን ከመቋሚያቸው ላይ አነሡ።

«እርሷ የአያቴ እናት ናት» አሉ። «እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ስለዚህ የምነግርህን ከሰው ሰው የሰማሁት አይምሰልህ፤ ከልጇ አፍ የሰማሁት ነው።»

ከዚያም የነገሩኝ ይህ ነው። ምንጅላቴ የብልባላ ልጅ ነበረች። እዚያው አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ አራት ዓመት ሲሆናት ክፉ ቀን ገባ። ይህ ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. ድረስ አገሩን ያጠፋው ረኃብ ነው። አስቀድሞ የከብት በሽታ መጣና በሬዎቹን ጨረሰ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ሰው በእጁ መሬት እየቆፈረ ለመዝራት ሞከረ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሰዉ አርአያ የሆኑት በዚህ ዘመን ነው። የምንጅላቴ ባል በዚያ ረኃብ ሞተ። እርሷም ልጅቱን ለእናቷ ትታ እህል ያለበትን አገር ለመፈለግ ብቻዋን ወጣች።

«ልጅቱን ለምን ይዛት አልሄደችም?» አልሁ።

«ይዛት ብትሄድ ሁለቱም መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር» አሉ እማሆይ። «አያቴ ግን ይህን እስክትሞት ድረስ አልተረዳችላትም።»

በኩልመስክ በኩል እህል የቀረው አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ቤት ገብታ ወፍጮ ፈጨች። ኋላም አገባት። ቅድመ አያቴ የተወለደው ከዚህ ጋብቻ ነው። ክፉው ቀን ሲያልፍ ልጇን ልትወስድ ተመልሳ መጣች። የእናቷ ወገኖች ግን፣ ልጅቱ ርስቷ እዚህ ነው፣ አንሰጥም አሏት። እርሷም ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የደብሩ በዓል ሲደርስ ቆሎ ቋጥራ፣ ጥጥ ፈትላ ያሠራችውን ነጠላ ይዛ፣ በእግሯ እየመጣች ልጇን አይታ ትመለስ ነበር። ባሏና ወንድ ልጇ በኩልመስክ፣ ሴት ልጇ በብልባላ፤ ዕድሜዋን በሁለቱ መካከል በመንገድ ጨረሰችው።

«የት ተቀበረች?» ብዬ ጠየቅሁ፤ አራተኛው ቦታ ይህ ነውና።

«እዚሁ ነው። የመጨረሻ ጊዜ ስትመጣ ታማ ነው የመጣችው። ከዚህ አልሄድም፣ እዚህ ቅበሩኝ አለች። የወዲያኛው ልጇ የተቆጣው ለዚህ ነው እንጂ ለመሬት አይደለም። እናቱን ቢያጣ መሬቷን ጠየቀ።»

ከእማሆይ ጋር ወደ ደብሩ ሄድን። ከቅጥሩ ውስጥ አንድ የወይራ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ያልተጠረቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ጽሑፍ የለም፣ ስም የለም። ይህ የማን ነው ብትሏቸው ሊመልሱላችሁ የሚችሉት አንድ እማሆይ ብቻ ነበሩ። ቤተ አባ ሊባኖስ የንግሥት መታሰቢያ ነው፤ ይህ ደግሞ የምንጅላቴ። የሁለቱም ድንጋይ ሴትየዋን የሚያስታውሳት የሚናገርለት ሰው እስካለ ድረስ ነው።

አሁን ቆጠራው ቀርቷል። እማሆይ ስለ ልጅቱ ስጠይቃቸው የሟች እኅታቸው የልጅ ልጅ ሆና ተገኘች። በእኛ በኩል ከምንጅላቴ እስከ እኅቴ ልጅ አምስት ቤት ነው። በእነርሱ በኩልም እስከ ልጅቱ አምስት ቤት ነው። ከሰባት አልደረሰም። እኔ ያገኘሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለሽማግሌዎቹ አቀረብሁ፤ እነርሱም ጋብቻው እንዲቀር ፈረዱ። የልጅቱ እናት ያን ዕለት የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ «ባል ታመጣላችሁ ብዬ ጠላ ጠመቅሁ፤ ወንድም አመጣችሁላት» አሉ። የእኅቴ ልጅ አንድም ቃል ሳይናገር ተነሥቶ ወጣ። ከዚያም አንድ ዓመት ሙሉ አላነጋገረኝም።

ከእናንተ መካከል ሕግ የሚያጠና ተማሪ ካለ እዚህ ላይ እጁን እንደሚያነሣ አውቃለሁ። በሥራ ላይ ያለው የቤተሰብ ሕግ የሚከለክለው የቅርብ ዘመድን፣ ወንድምና እኅትን፣ አክስትና አጎትን ነው እንጂ አምስተኛ ትውልድን አይደለም ይለኛል። እውነቱን ነው። የሰባት ቤት ቆጠራ የቤተ ክርስቲያንና የባላገሩ ሥርዓት ነው፤ ሁለቱ ወጣቶች ከተማ ሄደው ቢፈራረሙ የሚይዛቸው አልነበረም። ያን ላለማድረግ የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱንም ለእኔ አልነገሩኝም። እኔ የተላክሁት ለመጠየቅ እንጂ ለመፍረድ አልነበረም። ዛሬ ሁለቱም ሌላ ሌላ አግብተው ልጆች ወልደዋል። በልጁ ሠርግ የብልባላ ወገኖች ከዘመድ ረድፍ ተቀምጠው አይቻለሁ። እግር ከተቋረጠ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ፍለጋ የተረፈኝ ትልቁ ነገር ፍርሃት ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የአገሬ ሰው የሴት አያቶቹን የሚቆጥረው በሁለት ምክንያት ነበር፤ አንዱ ርስት፣ ሁለተኛው ጋብቻ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የርስት ሙግት አበቃ። ጭሰኛው ከባለ መሬት ተላቀቀ፤ በርስት አገርም ወንድምና እኅት ስለ አንድ መደብ ዕድሜያቸውን በዳኛ ፊት ከመጨረስ ዳኑ። ይህን ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ከሙግቱ ጋር የእናቶች ስም የሚታወስበት አንዱ ምክንያት አብሮ ሄደ። የ1966ቱና የ1977ቱ ረኃብ ደግሞ ስንት አዋቂ ሽማግሌ ከነትዝታው ወሰደ፤ ከተረፈውም ብዙው ከቀዬው ወጥቶ ተበተነ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ. ም. ጦርነት በዚያው ምድር አለፈ። የቀረው ጋብቻ ብቻ ነው፤ እርሱንም ወጣቱ በከተማ በራሱ ፈቃድ ሲፈጽም የሚቆጥር ሽማግሌ አይጠራም።

ደስ የሚያሰኝ ነገርም አለ። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ. ም. ግድም ጀምሮ ለገበሬው በሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፤ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን ይለጠፋል። በኩልመስክ አንድ ቤት ውስጥ ይህን ደብተር ከሣጥን አውጥተው ሲያሳዩኝ ብዙ ጊዜ ተመለከትሁት። ሻሿን አስራ ቀጥ ብላ የምታይ አንዲት ገበሬ ሴት ናት። የዛሬ መቶ ዓመት የእርሷ ምንጅላቶች የሚፈልጓት ቢሆን ስሟንም መልኳንም ያገኛሉ።

ከእናንተ መካከል ይህን መንገድ ሊጀምር የሚፈልግ ቢኖር እኔ የተማርሁትን በአጭሩ ላስቀምጥለት። በመጀመሪያ ሴቶችን ጠይቁ፤ ወንድ ሽማግሌ የመሬቱን ነገር ይነግራችኋል፣ ማን ማንን እንዳሳደገ የሚያውቁት ግን ሴቶች ናቸው። ሁለተኛ የዓለሙንም የክርስትናውንም ስም ጻፉ። ሦስተኛ «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለደች» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ክፉው ቀን ሲመጣ ምን ያህል ነበረች? ለዓድዋ ሲዘመት አግብታ ነበር? ጣሊያን ሲገባ ማን ይጦራት ነበር?» በሉ። ባላገሩ ዘመን የሚቆጥረው በዚህ ነው፤ ዓመቱን ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። አራተኛ የት እንደ ተቀበረች ጠይቁ፤ ሴት የተቀበረችበት ቦታ ልቧ የት እንደ ነበረ ይናገራል። አምስተኛ ሁለት ጊዜ ወይም ሦስት ጊዜ አግብታ እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ በዚያ በረኃብና በጦርነት ዘመን ይህ የተለመደ ነው፣ ግማሽ ዘመዳችሁ ያለው በዚያ በኩል ነው።

ስትጠይቁ ግን ጊዜ አትስጡ። የኩልመስኩ ሽማግሌ ካነጋገርኋቸው በኋላ ሁለት ክረምት አልቆዩም። እማሆይም ተከትለዋቸዋል። እኔ ያን ዓመት ዕረፍቴን አዲስ አበባ ላሳልፍ ብል ኖሮ በወይራው ሥር ያሉት ድንጋዮች ዛሬ ድንጋዮች ብቻ ነበሩ። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ በሕይወት ካለች በዚህ ሳምንት ደውሉላት፤ ስለ ጤናዋና ስለ እህሉ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ እናቷን ማን እንደ ወለዳት ጠይቋት። የምትነግራችሁንም ወዲያው በወረቀት ላይ ጻፉት።